ደብረ ብርሃን ለሥራና ለኑሮ ስትመዘን

የሥራ ማስታወቂያ ሲነበብ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ደመወዙ ላይ ነው። «የሥራ ቦታ፦ ደብረ ብርሃን» የምትለዋ መስመር ከሥር ተጽፋ ብዙም ልብ ሳትባል ታልፋለች። ቀጣሪው ቢከፋ የሚኬድበት ሌላ በር መኖሩ፣ ከደመወዙ ላይ ኪራይና ትራንስፖርት የሚነጨው፣ ከሥራ መልስ ለትምህርትም ሆነ ለልጅ የሚተርፈው ጉልበት የሚወሰነው ግን በዚያች መስመር ነው። ጋቢ የሚገዛ ሰው እንኳ ገልብጦ አይቶ፣ ጥለቱን ዳሶ ነው የሚከፍለው፤ ከተማ የሚመርጥ ብዙ ሰው ግን ሳያይ ይፈርማል።

እዚህ የምንገመግመው በዋናነት ደብረ ብርሃንን ነው። የዚያው የሰሜን ሸዋ ዞን ከተሞች የሆኑት ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ አረርቲ፣ እነዋሪና መሐል ሜዳ ለማነጻጸሪያ ይገባሉ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ስላለች ተወደደም ተጠላም መለኪያነቷ አይቀርም።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጥ። በፋብሪካ ሙያ ለሚሠራ ቴክኒሽያን፣ ለጤና ባለሙያና ለመምህር፣ በተለይ በሥራ ዓለም የመጀመሪያ አምስት ስድስት ዓመት ላይ ላለ ሰው፣ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ ታዋጣለች። እድገቱ ዋና መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ለሆነ፣ ማለትም ለባንክ ሰው፣ ለሕዝብ ግንኙነት፣ ለአማካሪ ድርጅት ሠራተኛ፣ ታዘገያለች። ብርድ ለማይስማማው ሰው ደግሞ ምንም ቢከፈለው አትሆነውም።

ስንት በር አለ?

የአንድ ከተማ የሥራ ገበያ የሚመዘነው በድርጅት ብዛት ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር አንዱ ጋ የተማሩት ሙያ ሌላው ጋ መሸጡ ነው። ደብረ ብርሃን የምትበልጠው እዚህ ላይ ነው። በዙሪያዋ የቢራ ገብስ ይዘራል፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የቦርትማልት ብቅል ፋብሪካ አለ፤ የዳሽንና የሐበሻ ቢራ ፋብሪካዎች እዚሁ ከተማ ይጠምቃሉ፤ ጁኒፐር ጠርሙስ ያመርታል። ገብሱ፣ ብቅሉ፣ ቢራውና ጠርሙሱ በአንድ ከተማ ሲገናኙ ለአንድ ሜካኒክ የሚሰጡት ጥቅም ቀላል አይደለም። ቦይለር፣ ኮምፕረሰር፣ የማቀዝቀዣ ክፍል፣ ኮንቬየር፣ የሙሌት መስመር፣ ፒኤልሲ የሚባለው መቆጣጠሪያ በእነዚህ ግቢዎች ሁሉ በአንድም በሌላም መልኩ አሉ። ቦይለር የጠበቀ ሰው ብርድ ልብስ ፋብሪካም ቢሄድ ባዕድ አይሆንም፤ ሱፍ ሲታጠብና ሲቀለም እንፋሎት ይፈልጋልና።

ስለዚህ ወደ ከተማዋ ከመምጣታችሁ በፊት አንድ ቀላል ቆጠራ አድርጉ። ነገ ይህን ሥራ ብለቅ፣ ቤቴን ሳልቀይር፣ በዚሁ ሙያ የሚቀጥረኝ ስንት አለ? ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ከተማዋ ሙያችሁን ትሸከማለች። አንድ ብቻ ከሆነ የገባችሁት ወደ ከተማ ሳይሆን ወደ አንድ ግቢ ነው፤ አለቃችሁም ይህን ያውቃል፣ የደመወዝ ጭማሪ ስትጠይቁ ያሳያችኋል።

ቆጠራው የሚያሳስትበት ቦታም አለ። ልብስ ስፌት ላይ በሮቹ ብዙ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ሁሉም ግን በውጭ ትእዛዝ ላይ ከቆሙ አንድ ነገር ሁሉንም በአንዴ ይዘጋቸዋል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የአፍሪካ ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ከአጎዋ ስትወጣ በየፓርኩ ያሉ ወደ አሜሪካ የሚልኩ ስፌት ቤቶች የተመቱት በየተራ ሳይሆን አብረው ነው። ኦፕሬተር ሆኖ ለሚገባ ሰው ምክራችን ማሽኑ ላይ ብቻ ተቀምጦ አለመቅረት ነው፤ የስፌት ማሽን ጥገና ወይም የጥራት ቁጥጥር ከተማረ ሙያው ከአንድ ዘርፍ ይሻገራል።

ወረቀትም ይታሰብ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የጤና ካምፓሱ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የሚጠራ ሲሆን ከሆስፒታሎቹ ጋር ተዳምሮ ከተማዋን ለጤና ባለሙያ ከአውራጃ ከተማነት ያለፈች አድርጓታል። ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ለእጅ ሙያተኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ከሥራ ጎን ለጎን ደረጃ ከፍ አድርጎ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና መፈተን ይቻላል። ሲኦሲ የሌለው የአምስት ዓመት ቴክኒሽያን ማስታወቂያ ላይ ሲኦሲ ካለው የሁለት ዓመት ልጅ ኋላ ሲቀር በየጊዜው ይታያል፤ ልክ ባይሆንም አሠራሩ እንደዚያ ነው።

የሌለው ነገር ዋና መሥሪያ ቤት ነው። የባንክ ቅርንጫፎች ሞልተዋል፤ ከቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት በላይ ያለው ወንበር ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ ፋብሪካ ቤት ከባንክ ይሻላል ብለን እናምናለን፤ የማምረቻ ወጪ ሒሳብ፣ የስቶር ቁጥጥርና ግብር በአንድ ላይ የሚማርበት ነውና ኋላ አዲስ አበባ ቢሄድ የሚፈለግ ሰው ይሆናል።

ደመወዙ ሲጣራ

ማስታወቂያ ላይ 10,000 ብር ያለ ደመወዝ እጅ ላይ 10,000 አይደለም። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ስሌት የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር፣ ከዚያ ያለው 3,000 በ20 በመቶ 600፣ የመጨረሻው 3,000 በ25 በመቶ 750 ይቆረጥበታል። ግብሩ 1,650 ብር ሆነ። የጡረታ 7 በመቶ 700 ብር ነው። እጅ የሚገባው 7,650። ቀጣሪው በበኩሉ 11 በመቶ ለጡረታ መጨመር አለበት፤ «ጡረታ አንቆርጥባችሁም፣ እንደ ጥቅም ቁጠሩት» የሚል ድርጅት ካጋጠማችሁ የሚቀርባችሁ ከ7ቱ ይልቅ 11ዱ መሆኑን አስቡ።

ኪራይ ከተጣራው ሲሶ፣ በዚህ ምሳሌ 2,550 ብር፣ ካለፈ ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ደመወዝ በዚህ ገንዘብ ለብቻ የሚኖሩበት ቤት ማግኘት ሕልም ነው፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከመሃል ራቅ ብሎ የጋራ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ሲፈለግ የተሻለ ተስፋ አለ። ይህም ቢሆን ኪራይ በየዓመቱ እየወጣ ስለሆነ የአምናን ዋጋ ይዞ መምጣት ያሳፍራል።

ከብሩ ይበልጥ የሚያዋጣው ጊዜው ነው። ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ አዲስ አበባ መሃል የሚሠራ ሰው በቀን ሁለት ሰዓት በታክሲ ሰልፍና በመንገድ ቢጨርስ ማንም አይገርመውም። በወር 26 የሥራ ቀን ቢታሰብ 52 ሰዓት ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለአንድ ሳምንት ከፈቀደው 48 የሥራ ሰዓት ይበልጣል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከጠባሴ ሰፈር ወደ መሃል ከተማ በእግር ወይም በአንድ ባጃጅ ይደረሳል። ይህን ሰዓት ወስዶ የሚማርበት ወይም ጎን ለጎን የሚሠራበት ሰው ያተርፋል። ለጠላ ቤትና ለአረቄ ለሚያውለው ግን የከተማዋ ብርድ ጥሩ ሰበብ አላት፤ እዚህ ተጠንቀቁ።

ፈረቃ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ክፍያ ቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። የሌሊቱ 1.75 የሚሠራው ግን ለትርፍ ሰዓት ነው፤ መደበኛ ፈረቃችሁ ሌሊት ከዋለ ሕጉ በራሱ ጭማሪ አያስገኝም፤ ካለም በኅብረት ስምምነት ወይም በድርጅቱ ደንብ ነው። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ «የሌሊት አበል አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሌላው መጠየቅ ያለበት ሰርቪሱ ነው፦ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ሰፈር፣ እስከየት ድረስ። ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚወጣ ፈረቃ አደባባይ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰርቪስ በኅዳር ብርድ ሰርቪስ አይባልም።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ሳምንታት

በሕጉ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ አሥር ሳምንት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ አይደለህም ካሉ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ይችላሉ። ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው፦ ሥራውን እንዳገኘ የስድስት ወር ኪራይ ይከፍላል፣ የቤት ዕቃ በአይሱዙ ያስጭናል፣ ሚስትና ልጅ ይዞ ይመጣል፤ በስምንተኛው ሳምንት ይሰናበታል።

ትክክለኛው አካሄድ ለአሥር ሳምንት ከሰው ጋር በደባልነት ወይም በወር በሚከፈል ክፍል መቆየት ነው። ትንሽ ይወደዳል፤ ግን የኪሳራ መድን ነው። ፍራሽ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ባልዲና የውሃ ጀሪካን ከበቂ በላይ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰፈር ይጠናል፣ ደላላ ሳይገባ ቤት በወሬ ይገኛል። ደላላ የሚያሳየው ቤት ሦስት ጊዜ ተከራይ የሸሸው ሊሆን ይችላል።

ቅድሚያ ክፍያን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል፤ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። በክልሎች ተፈጻሚ የሚሆንባቸውን ከተሞች የሚወስኑት ራሳቸው ክልሎቹ ስለሆኑ፣ አከራይ ላይ ሕግ ከመጥቀስ በፊት የከተማ አስተዳደሩን የቤቶች ጉዳይ ክፍል መጠየቅ ይበጃል። ሕጉ ቢኖርም ባይኖርም ውል ጻፉ፤ የቆጣሪ ንባብ የተመዘገበበት ይሁን። ከሚኖሩበት ቀበሌ መሸኛ ይዞ መምጣትም እንዳይረሳ፤ መሸኛ ሳይያዝ ሲመጣ የነዋሪነት መታወቂያው ይጓተታል፣ መታወቂያው ሲጓተት ንግድ ፈቃዱም አብሮ ይጓተታል።

ቤቱ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀን 18 እና 20 ዲግሪ የሚደርስ ፀሐይ አለ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ሜዳው ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የቤት ምርጫ ከአዲስ አበባ ሌላ ነው።

መጀመሪያ ኮርኒሱን እዩ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሰው ትንፋሽ ሌሊቱን ከቆርቆሮው ሥር ጤዛ ሆኖ ይያዛል፤ ንጋት ላይ ፀሐይ ጣሪያውን ስትነካው ፍራሹ ላይ ይንጠባጠባል። ዝናብ የገባ የሚመስላቸው አሉ፤ በበጋም የሚሆን ነገር ነው። ኮርኒስ ካለ ደግሞ ወደ ላይ ቀና ብላችሁ ቢጫ ክብ ክብ ምልክት ፈልጉ፤ ያ የሐምሌ ዝናብ በምስማር ቀዳዳ የሚገባበት ነው። የማዳበሪያ ኮርኒስም ቢሆን ካለመኖሩ ይሻላል፤ ቺፑድ ከሆነ በጣም ጥሩ።

ግድግዳው ላይ ብዙ ሰው «ብሎኬት ነው» ሲባል ይደሰታል። ያልተለሰነ ብሎኬት ብርድ ያስገባል፤ በደንብ የተመረገ ወፍራም ጭቃ ቤት ከሱ ይሞቃል። የምሥራቅ መስኮት ያለው ክፍል ጠዋት ቶሎ ይሞቃል፤ በሩ ወደ ነፋስ የዞረ ከሆነ ተዉት። የማዕዘን ስንጥቅም ይታይ፦ መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቀለል ያለ መሠረት ያለው ቤት አብሮት ይከፈታል። አዲስ ቀለም የተቀባ ማዕዘን ላይ ጣት ማሳረፍ አይከፋም።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ያለው ግቢ ይመረጥ። «ሮቶ አለ» ሲሉ ስንት ተከራይ እንደሚቀዳበት ጠይቁ፤ 1,000 ሊትር ለአሥር ሰው አራት ቀን አይደርስም፤ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው፣ ልብስ ማጠብ ሳይቆጠር።

መብራቱ ላይ ጠቡ የሚነሳው በምጣድ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ለዚህ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድና ለብቻው የሆነ ብሬከር ያስፈልጋል። ብዙ ግቢ ውስጥ ግን ከሶኬት መስመር ተቀጥሎ ነው የሚሠራው፤ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ገመዱ ይግላል፣ ብሬከሩ እየወደቀ ጎረቤት ይነጫነጫል። አከራይ «ምጣድ አይቻልም» ቢል አትቀየሙት፤ መስመሩን ስለሚያውቅ ይሆናል። የራስ ካርድ ቆጣሪ ያለው ቤት ጥቂት መቶ ብር ቢወደድም ይመረጣል፤ በጋራ ቆጣሪ ሒሳብ ሲካፈሉ የሚጣላ ሰው ብዙ ነው።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። በብርድ ምክንያት የከሰል ምድጃ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ይጀምራል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመስላል። «ነጭ አመድ ከለበሰ አይጎዳም» የሚባለው ስህተት ነው፤ ፍሙ እስካለ ድረስ ጋዙ ይወጣል። ክፍሉን አሙቆ ምድጃውን አውጥቶ፣ አየር አስገብቶ መተኛት ብቻ ነው መፍትሔው። የመንዝ ባና ወይም በርኖስ አንዴ ከተገዛ ከከሰል ወጪም ይገላግላል። ለአዲስ መጤ ከመጀመሪያው ደመወዝ ላይ መውጣት ያለበት ይህ ነው።

ከፍታው ማድ ቤት ውስጥም ይገባል። ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ማታ መዘፍዘፍና ፕሬዠር መጠቀም ከሰልም መብራትም ይቆጥባል። ሊጥ በብርዱ ቀስ ብሎ ነው የሚቦካው፤ አዲስ አበባ በሦስት ቀን የለመደ ሰው አንድ ቀን ቢጨምር፣ ቡሃቃውን በጨርቅ ቢጠቀልል ይሻለዋል። ካልሆነ እንጀራው ዓይን አያወጣም።

ድርጅት ለሚከፍት

ጄኔሬተር የሚገዛ ሰው አዲስ አበባ ያለው ሻጭ የሚነግረውን አቅም እንዳለ አይቀበል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ከሩብ በላይ ይሄዳል። 10 ኬቪኤ (የጄኔሬተር አቅም መለኪያ ነው) ተብሎ የተሸጠ ጄኔሬተር እዚህ ዳቦ ቤት ውስጥ ሰባት ያህል ነው የሚሰጠው፤ ሊጥ ማቡኪያውና ምድጃው አብረው ሲነሱ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ በዓመቱ ይበላሻል። ለሚፈልጉት ጭነት 40 በመቶ ያህል ጨምሮ መግዛት ወይም ቱርቦ ያለው መፈለግ ነው። ግንባታ ላይም ከኅዳር እስከ ጥር ኮንክሪት ጠዋት ተሞልቶ ከቀትር በፊት ማለቅ አለበት፤ ማታ ተሞልቶ ውርጭ የመታው ኮንክሪት ላዩ ይላጣል። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በጭድ ወይም በላስቲክ መሸፈን ያድናል።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ የሚነሳው ከላምበረት መናኸሪያ ነው፤ በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ መንገዱ ሰላም ከሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ይህ ቅርበት የከተማዋ ትልቁ ሀብትም ትልቁ ማዘናጊያም ነው። ሕክምና፣ ኤምባሲ፣ መለዋወጫ፣ የዋና መሥሪያ ቤት ጉዳይ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ያልቃል። በየቀኑ እየተመላለሱ መሥራት ግን አይቻልም፤ የሚሞክሩት ሰዎች በወራት ውስጥ ወይ ቤቱን ወይ ሥራውን ይለቃሉ። ቤተሰብን አዲስ አበባ ትቶ ዓርብ ማታ ሄዶ እሁድ ማታ መመለስ የሚቻለውም በሳምንት ስድስት ቀን ለማይሠራ ሰው ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ይህን ሳይነግራችሁ ከተማዋን የሚያሞግስ ሰው ደላላ ነው። በኦንላይን ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ባለሙያ በዚህ ምክንያት ደብረ ብርሃንን ዋና መቀመጫው እንዲያደርግ አንመክርም። ነጋዴ ደግሞ ዕቃው በአንድ ሳምንት የሚበላሽ ከሆነ ሌላ ማራገፊያ ገበያ አስቀድሞ ይያዝ። ተቀጣሪ ቢያንስ የሁለት ወር ቀለብና ኪራይ በእጁ ይኑር፤ እዚህ እቁብ ያለው ጥቅም ይታያል። እድር መግባትም አይዘግይ፤ አዲስ መጤ ክፉ ቀን ሲመጣ ዘመድ የሚሆነው የሰፈር እድር ነው።

ሌሎቹ ከተሞች በአጭሩ

ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም ለሚነግድ፣ መስኖ ለሚያውቅ፣ የውሃ ፓምፕ ለሚጠግን ከደብረ ብርሃን ትበልጣለች። የፓምፕ ጠጋኝ ሥራ እዚያ በበጋ አያልቅም። ወባ ስላለ አጎበር የቤት ዕቃ መጀመሪያ ነው። ሽንኩርት በአንድ ሳምንት ሁሉም ሰው አንዴ ሲያወጣ ዋጋው ስለሚወርድ ሙሉ ገንዘብን አንድ ምርት ላይ መጣል ጀማሪን ያደኸያል።

ደብረ ሲና የመንገደኛ ከተማ ናት፤ ቆሎዋ የታወቀ ነው፤ ገቢዋ ከአላፊ አግዳሚው ነው። የጣርማበር ጉም ሲወርድ ወይም መንገዱ ሲዘጋ ሻይ ቤቱም ቆሎ ሻጯም አብረው ይቆማሉ። ሆቴልና ምግብ ቤት ለሚከፍት እንጂ ለተቀጣሪ ብዙ በር የላትም።

አረርቲ ሌላ ዓለም ናት። የሰሜን ሸዋ ብትሆንም ፊቷ ወደ ሞጆና አዳማ ነው። የምንጃር ጤፍና ሽምብራ ለሚነግድ፣ በግንባታ ዕቃ ላይ ያተኮረው ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ ሥራ ለሚፈልግ ትታያለች። የዞን ጉዳይ ሲኖር ደብረ ብርሃን ድረስ መሄዱ ግን ያንገሸግሻል።

እነዋሪ ለተቀጣሪ ጠባብ ናት፤ ከብት ለሚያደልብ ሰው ግን የጅሩ ሰንጋ ስሙ ራሱ ገበያ ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ደብረ ብርሃን ሞቃት የምትመስለው እዚያ ለከረመ ሰው ነው። የመንግሥት ደመወዝ ስኬል በሁሉም ቦታ አንድ ስለሆነ፣ ለመምህርና ለነርስ በዚያው ብር የሚተርፍ ገንዘብ ይኖራል። ለእንስሳት ሐኪም የመንዝ በግ አገር ስለሆነች ሥራው ሞልቷል። ሆኖም ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ለዝውውር የሚጠባበቀው ሰው ብዙ ነውና ገና ሲገቡ የዝውውር መመሪያውን ማንበብ ነው።

መልቀቅ ሲመጣ

ከተማ ሲመረጥ መውጫውም አብሮ ይታይ። የሙከራ ጊዜ ያለፈው ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ሳይሰጡ መጥፋት ለካሳ ይዳርጋል። የኪራይ ውላችሁ ላይ ያለው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ከዚህ ጋር እኩል ቢሆን ሁለት ጊዜ አትከፍሉም። ሲለቁ የሚወሰደው የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሥራ መደቡን ስም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተሠራና ደመወዙን የያዘ ይሁን፤ «በድርጅታችን ሠርተዋል» ብቻ የሚል ወረቀት ዋጋ የለውም። ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ ብዙ መሥሪያ ቤት የሚይዘው የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው፤ ስለዚህ በዚያው ሳምንት የግብሩንም ማረጋገጫ ከድርጅቱ ፋይናንስ ክፍል ጠይቁ፤ ከሌላ ከተማ ተመልሶ ለአንድ ማኅተም 130 ኪሎ ሜትር መምጣት ሰው የሚማረርበት ጉዞ ነው።